ያዘነበለው ጀሶ

ፕሮፌሰሩ የሞቱት ድንጋይ በሚፈለፈልበት ክፍል ውስጥ ነው። ጭንቅላታቸው ከብረቱ ጠረጴዛ እግር አጠገብ፣ አንድ እጃቸው ከደረታቸው ሥር፣ መነጽራቸው ራቅ ብሎ ወድቆ ነበር። የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደም አለ። ወለሉ ላይ ነጭ ጀሶ ተረጭቶ ደርቋል። ጠዋት የመጡት ፖሊሶች መጀመሪያ ፎቶግራፍ አነሱ፤ ቀጥሎ አስከሬኑን አነሱ፤ ከቀትር በፊት ደግሞ የሟቹን አማች ይዘው ሄዱ።

መርማሪዋ የደረሰችው ሁሉም ነገር አልቋል ከተባለ በኋላ ነው። በመሥሪያ ቤቷ «ቆይማ» ይሏታል፤ ሰው ሲያወራት በየመሀሉ «ቆይማ» ማለት ልማዷ ስለሆነ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ትጠላለች፤ አለቃዋን ደግሞ ከደረጃ አስበልጣ ትጠላለች። አለቃዋ በስልክ ያላት አጭር ነበር።

«ያለቀለት ነገር ነው። ልጁና አማቱ እሳትና ጭድ ናቸው። ትናንት ማምሻውን ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷል። ጫማው ላይ ጀሶ ተገኝቷል። ቦታውን አይተሽ ፈርሚና ነይ።»

«ቆይማ። ካለቀለት እኔን ለምን ፈለግኸኝ?»

«ሚስትየው የመውለጃ ወሯ ገብቶ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ስላለችኝ ነዋ! ይዘሻት ሂጂ፤ ትመስክርልሽ።»

ሚስትየው የሟቹ አንድ ልጅ ናት። መኪናው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

«ባሌ አባዬን ገድሎት ከሆነ ልወቅ። ካልገደለው መልሱልኝ። ልጄን ከሁለት አንዱን ሳላውቅ መውለድ አልፈልግም።»

ቆይማ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ሰጠቻት። ሌላ የምትሰጣት ነገር በእጇ አልነበረም።

ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። በግራ በኩል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ ላይ ድንጋዮች በየካርቶናቸው ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል የብረቱ ጠረጴዛ፣ ከላዩ ላይ ተጣጣፊ መብራት፣ ትልቅ ማጉያ መነጽር፣ እንደ ጥርስ ሐኪም ዕቃ የተደረደሩ መርፌዎች፣ አሸዋ የተሞላ ሳጥን አለ። አሸዋው ላይ የተቀመጠው ነገር በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል። አጠገቡ የጀሶ መበጥበጫ የላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ቆይማ ሳህኑን ባየችው ጊዜ ጉልበቷን ረሳችው። አባቷ ግንበኛ ነበሩ። ልጅ ሆና ውሃ ልካቸውን ተሸክማ ትከተላቸው ስለነበር፣ እስከ ዛሬ የተንጋደደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ካየች ሳታቃና አታልፍም። ሳህኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ውስጡ የደረቀው ጀሶ ግን እንደ ጣሪያ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። በጣቷ ነካችው፤ ድንጋይ ሆኗል። ጎንበስ ብላ ወለሉን ስታይ፣ በተረጨው ጀሶ መሀል፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ንጹህ ቦታ ተርፏል። የጠዋቶቹን ፎቶግራፎች አውጥታ አየች። በፎቶግራፉም ላይ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጨርቁም ድንጋዩ ላይ ነው። ለራሷም አንድ ከረሜላ ላጠች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዘበኛውን ነው።

«አባት፣ ጠዋት ማን ነው ያገኛቸው?»

«እኔና እትዬ ነን። ባለቤታቸው ማለቴ ነው። አዳሩን አልመጣም፣ በሩን ክፈትልኝ አሉኝ፤ አብረን ገባን። እሳቸው ከመድረኩ ላይ ቆመው ጮኹ። እኔ ነኝ ገብቼ የነካኋቸው፤ ቀዝቅዘዋል።»

«እትዬ ሌላ ነገር ነክተዋል?»

«ኧረ ምን ሊነኩ! አንድ እግራቸውን አላስገቡም። ፖሊስ እስኪመጣ እኔው ጋ እበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።»

«ትናንትስ?»

«ዶክተሩ፣ አማችየው፣ እየተቆጣ ወጥቶ ወደ አዳራሹ ሄደ። ማታ ንግግር የሚያደርገው እሱ አልነበር? ከዚያ ወዲህ በኔ በር ነፍስ አልገባም። የጓሮው በር ቁልፍ ግን ቤተሰቡም ጋ ኃላፊውም ጋ አለ። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ጓሮውን እግዜር ይጠብቀው።»

ኃላፊው፣ የምርምር ቤቱ የበላይ፣ ከሽቶው በኋላ ገባ። ሐዘኑን በረጅሙ ገለጸ፤ ቀጥሎም ስለ ድንጋዩ በይበልጥ ረጅሙ ተናገረ። ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚመጣ ድንጋይ እንደሆነ እየነገራት ወደ አሸዋው ሳጥን ሄዶ ጨርቁን ገለጠ።

«ይኸውልዎት! ድንጋይ የሆነ የጥንት ባሕር እንስሳ ዛጎል፤ የቤታችን ኩራት። ይህ ጨርቅ ደግሞ ምንድን ነው? እርጥብ እኮ ነው! የማንም ግድየለሽ ድንጋዩን ሊያበሰብሰው…» ብሎ ጨርቁን መስኮቱ ላይ ሊያሰጣ ዘረጋው።

የሟቹ ልጅ በሩ አጠገብ ከተቀመጠችበት ወንበር እንዴት እንደተነሳች አይታወቅም። ጨርቁን ከእጁ ነጥቃ መልሳ አለበሰችው።

«ይሰነጠቃል!» አለች። «ከጭቃ የተሠራ ድንጋይ ነው፤ አየር ካደረቀው እንደ ብስኩት ይሰባበራል። እኛ ቤት ማንም ከጠረጴዛው ሲነሳ ጨርቁን ያረጥባል። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ከወሰደኝ በኋላ እንኳ ቀስቅሰው ‹አርጥበሻል?› ይሉኝ ነበር።»

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። ቆይማ ጣልቃ ገባችለት።

«ቆይማ። ትናንት ንግግሩ ሲጀመር እርስዎ አዳራሽ አልነበሩም አሉ።»

«ትንሽ ዘግይቻለሁ። መኪናዬ ውስጥ የመዝጊያ ንግግሬን እየተለማመድኩ ነበር።»

«ማን ሰማዎት?»

«ማን ይሰማኛል? መሪውን ይዤ ብቻዬን!»

«እንግዲህ መሪው ይመስክርልዎታ» አለችና ሸኘችው።

የሟቹ ባለቤት የሚኖሩት ከጓሮው በር ማዶ ባለችው ትንሽ ቤት ነው። ሽበታቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው፣ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እጆቻቸው ያስገርማሉ። ጣቶቻቸው ቀጫጭን ናቸው፤ ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ አይንቀጠቀጡም። በዚያ ቤት የወጣውን ድንጋይ ሁሉ በመርፌ ፈልፍለው ያወጡት እኚህ እጆች ናቸው።

«ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነበር» አሉ። «እሱ ሥራ ላይ ከተቀመጠ ቤት መምጣት ይረሳል። ሠላሳ ዓመት ለምጄዋለሁ፤ ምን ብዬ እጠራጠር?»

«በሥራቸው ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላት ቢሆን መልካም ነበር። የሚስቁበት ነበሩ እንጂ። ‹ተንሳፋፊው› ነው የሚሉት። ተማሪ ሳይቀር። ከስብሰባ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ግድግዳ እያየ ይቀመጣል፤ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የዛሬ ዓመት የእንስሳውን መንጋጋ ድንጋዩ ውስጥ አገኘሁለት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሳቀም።»

«እርስዎ ነዎት ያወጡት?»

«ሌላ ማን አለ?»

«ዶክተሩን ይጠረጥሩታል፣ እትዬ?»

አሮጊቷ እጆቻቸውን አንዱን ባንዱ ላይ ጫኑ። «እኔ ምን አውቄ» አሉ በመጨረሻ። ቆይማ ወጥታ በጓሮው ስትመለስ ይህች መልስ ከነከነቻት። የልጅ ልጃቸው አባት ነው፤ «አያደርገውም» ማለት እንኳ ስንት ቃል ይፈጃል?

ዶክተሩ እስር ክፍሉ ውስጥ ጫማውን ተቀምቶ በካልሲ ተቀምጧል። ማልቀሱ ያስታውቃል። ቆይማ ግን ስለ ግድያው አልጠየቀችውም።

«ስለምን እንደተጣላችሁ ለእንደኔ ላለች መሃይም አስረዳኝ።»

ትንሽ አመነታና ጀመረ፤ ሲናገር ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። «የኦክቶፐስ ቅድመ አያቶች ቀንድ የመሰለ ዛጎል ነበራቸው። ከብዷቸው ባሕር ወለል ላይ ይድሁ ነበር። በኋላ ዛጎሉ በግድግዳ ተከፋፈለ፤ በክፍሎቹ መሀል ቀጭን ቧንቧ ያልፋል። ቧንቧው ከየክፍሉ ውሃውን መጠጠ፣ በቦታው አየር ገባ፣ እንስሳው ቀለለና ከወለሉ ተነሳ። ከዚያ ዳርቻውን ለቀው ወደ ሰፊው ባሕር የወጡት መቼ ነው? ጥላችን ይኸው ነው። ጋሼ ሰው ከሚያስበው እጅግ ቀድመው ነው የወጡት ይላሉ። ማስረጃቸው ከጥልቅ ባሕር ጭቃ የተገኘው ዛጎል ነው።»

«አንተስ?»

«ባዶ ዛጎል ይንሳፈፋላ! እንስሳው ዳር ላይ ሞቶ፣ ሥጋው ወድቆ፣ ዛጎሉ በማዕበል ሲንከራተት ሄዶ መሀል ባሕር ሊሰምጥ ይችላል። ‹ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው› አልኳቸው።»

«ሬሳው የተገኘበት ቦታ የኖረበት ቦታ ላይሆን ይችላል ነው የምትለው።»

«እናንተም እንዲህ ነው የምታስቡት?»

«ከአለቃዬ በቀር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «በኋላ ግን መንጋጋው ተገኘ፤ ዛጎሉ አፍ ላይ፣ እንስሳው በሚኖርበት ክፍል። መንጋጋ ካለ ሥጋውም እዚያው ነበር ማለት ነው። ተረታሁ። ሆኖም ልቤ አላመነም፤ ትናንት በንዴት ‹ድንጋዩ ይዋሻል› አልኳቸው።»

«ምን መለሱልህ?»

«አልተቆጡም። ‹ነገ ታየዋለህ። አንተ ትደሰታለህ፤ እኔ ግን አልደሰትም› አሉኝ። አልገባኝም። የጀሶውን ከረጢት እየከፈቱ ነበር። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።»

ቆይማ ጫማውን አስመጣች። ነጩን ነገር በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ብን ብሎ ተነሳና አስነጠሳት።

«ሌላ አንድ ነገር። ዛጎሉ የትኛው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ እንደተኛ ታውቃላችሁ?»

«ቀላል ነው። ዛጎሉ ተሰንጥቆ ጭቃ ይገባዋል። ጭቃው በየክፍሉ ልክ እንደ ሲኒ ውሃ ለጥ ብሎ ይረጋል፤ ከላይ የቀረውን ባዶ ነጭ ማዕድን ይሞላዋል። የጥቁሩና የነጩ ድንበር የዚያን ጊዜ ውሃ ልክ ነው።»

ቆይማ አመስግናው ወጣች። ወደ ምርምር ቤቱ ተመልሳ፣ ጨርቁን ገልጣ፣ ማጉያውን አስጠግታ ብዙ ቆየች። ስትጨርስ ራሷ ወደ ቧንቧው ሄዳ ጨርቁን አርጥባ አለበሰችው። ከዚያ አለቃዋ ጋ ደውላ ሁሉም እንዲሰበሰቡ አደረገች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ጠባቡ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ባለቤታቸውና ልጃቸው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዶክተሩ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆመ፤ ኃላፊው በር ላይ፣ ዘበኛው ከኃላፊው ኋላ። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ ነው።

«መጀመሪያ ጫማውን እንጨርስ» አለች ቆይማ። «ዶክተሩ ጫማ ላይ ያለው ጀሶ ዱቄት ነው። የተበጠበጠ ጀሶ ቢረጭበት ኖሮ ድንጋይ ሆኖ ይጣበቅ ነበር፤ ይህ ግን ብን ይላል። እሱ ሲወጣ ጀሶው ገና ከረጢት ውስጥ ነው። በጥብጠው ሳህኑ ውስጥ ያደረጉት እሱ ከሄደ በኋላ ሟቹ ራሳቸው ናቸው። ሬሳ ጀሶ አይበጠብጥም።»

አለቃዋ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«እንግዲያስ ተንሸራተው ነው የወደቁት» አለ ኃላፊው ፈጥኖ።

«ቆይማ። ይህን ሳህን እዩት። ቆሟል፤ ውስጡ ግን አዘንብሏል። ጀሶ ሲፈስ ውሃ ነው፤ ለጥ ብሎ ይረጋል። ይህ የረጋው ሳህኑ ተንጋዶ ሳለ ነው። ወለሉ ላይ ወድቆ የጠረጴዛውን እግር ተደግፎ ነበር፤ ቦታው ይኸውና፣ ጀሶ ያልነካው ግማሽ ጨረቃ። ወዲያው ቢያነሱት ኖሮ ጀሶው እንደገና ይተኛ ነበር። ያነሳው ሰው ያነሳው ከጠነከረ በኋላ ነው። ያ ሰው ጀሶው ሲደርቅ እዚሁ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ ፕሮፌሰሩ የተመቱት ንግግሩ በሚደረግበት ሰዓት ነው፤ ወዲያው ግን አልሞቱም ብሏል።»



«ማነው? ሳህኑ አይነግረንም፤ ጨርቁ ግን ይነግረናል። ሟቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ድንጋዩ የተገለጠ ነበር። ጠዋት በፎቶግራፉ ላይ ተሸፍኗል፤ ጨርቁም እርጥብ ነው። ያ ሰው ከመውጣቱ በፊት ጨርቁን አርጥቦ ድንጋዩን አለበሰው። ሰውየውን አላለበሰም፤ ድንጋዩን ነው ያለበሰው። ልማድ ነዋ። እጁ ሳያስበው ነው ያደረገው። ኃላፊው ይህን አያውቁም፤ ጨርቁን ሊያሰጡት ሲሉ አይተናል። ዶክተሩ ያውቃል፤ መድረክ ላይ ሲናገር ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶታል። ልጃቸውም ታውቃለች፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ባሏን ታዳምጥ ነበር።»

የሟቹ ልጅ ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች።

«ለምን? ይህን ድንጋዩ ነገረኝ» አለች ቆይማ፤ ይህን ስትናገር ደስ አላላትም። «በክፍሎቹ ውስጥ ያለው የጭቃ መስመር ሁሉ አንድ ነው። መንጋጋውን የያዘችው ቁራጭ ውስጥ ግን ሌላ መስመር አለ፤ ያዘነበለ። አንድ ዛጎል ሁለት ውሃ ልክ የለውም። ቁራጯ ከሌላ ድንጋይ መጥታ የተለጠፈች ናት። እንዲህ አድርጎ መለጠፍ የሚችል እጅ ደግሞ እዚህ ቤት አንድ ነው። ፕሮፌሰሩ ደርሰውበት ነበር፤ ጀሶውን የበጠበጡት የዚያን ቦታ ቅርጽ በጀሶ አትመው ለማስረጃ ሊያስቀሩ ነው። እትዬ?»

አሮጊቷ አልካዱም። የሹራባቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

«ሲስቁበት ሠላሳ ዓመት ሰማሁ» አሉ። «መንጋጋው መኖር ነበረበት። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ መርፌዬ ደከመ። ከሌላ ድንጋይ ያወጣሁት አንድ ነበረኝ። አንድ ጊዜ ደስ ሲለው ልየው ብዬ ነው። አየሁትም። ትናንት ጠርቶ መስመሩን አሳየኝ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ዕድሜዬን ሙሉ በእጅሽ ነው ያየሁት። ከእንግዲህ ይህ እጅ የነካውን ድንጋይ ማን ያምነዋል? እኔስ?› አለኝ። ጀሶውን ሊያፈስበት ሲል ክንዱን ያዝኩት። ታገለኝ። ገፋሁት።»

«ይተነፍስ ነበር?» አለች ልጃቸው።

«ይተነፍስ ነበር።»

«እማዬ!»

«ልነሳ፣ ሰው ልጥራ እያልኩ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከነቃ ይናገራል፤ ካልነቃ ያ ሁሉ ዓመት ይተርፋል። ይህን እያሰብኩ ሳህኑን ሳየው ጀሶው ደርቋል። እሱም ዝም ብሏል።»

«ባሌን ጫማውን አስወልቀው ሲወስዱትስ? እሱንም ቁጭ ብለሽ አየሽው?»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ፣ ልጄ» አሉ እናትየው። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቻቸው የተንቀጠቀጡት።

አለቃዋ ለፖሊሶቹ በዓይኑ አመለከተ። አሮጊቷ ተነስተው በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና አሸዋው ሳጥን ላይ ዓይናቸው አረፈ። ሊሉት የነበረውን ሁሉም አወቀው፤ እሳቸው ግን ሳይሉት ወጡ። ልጅቷ ባሏ ደረት ላይ ተደፍታ እያለቀሰች ነበር። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፤ ጨርቁን አንስታ ቧንቧው ጋ ሄደች።

«ተይው» አለ ዶክተሩ። «ውሸት እኮ ነው።»

«ዛጎሉ ውሸት አይደለም» አለች። «ዛጎሉ የአባዬ ነው።»

ከወራት በኋላ ቆይማ የእስር ቤቱን ደረጃ ጉልበቷን እየረገመች ወጣች። የፕሮፌሰሩ ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ሴት ናት። እናቷን ለመጠየቅ እግሯ እምቢ ብሏታል፤ ለቆይማ ግን መልእክት ሰጥታታለች። «ንገሪያት፤ ወይም ተይው፤ አንቺ እንዳየሽ። እኔ አልችልም» ብላታለች።

አሮጊቷ ስለ ልጃቸው ጠየቁ፤ ስለ ሕፃኗ ክብደት ጠየቁ።

«ዶክተሩ የተለጠፈችውን ቁራጭ አንስቶ ድንጋዩን ራጅ አስነሳው» አለች ቆይማ። «ከሥሯ ሌላ መንጋጋ አለ። ሙሉ ነው። መስመሩ ከክፍሎቹ ጋር አንድ ነው፤ የራሱ የእንስሳው ነው። ዶክተሩ ‹ጋሼ ትክክል ነበሩ› ብሎ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል።»

አሮጊቷ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ከተለጠፈው ሥር ምን ያህል ይርቃል?»

ቆይማ ልትዋሽ አሰበች፤ ውሸት ግን በዚህ ቤት በቂ ሥራ ሠርቷል። የትንሿን ጣቷን ጥፍር አሳየቻቸው።

«የዚህን ውፍረት።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የቆይማን ጣት ያዙ፤ ጥፍሯን እንደ ድንጋይ ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት።

«እዚያ ጋ ስደርስ ነው መርፌዬን ያስቀመጥኩት» አሉ።